ቲቸር አረጋሽና በሃምሳ የጾመችው ልጅ

ሱሉልታ ተምሮ ቲቸር አረጋሽን የማያውቅ የለም። ደብረ ማርቆስ ተወልዳ፣ ገና በወጣትነቷ ተመድባ መጥታ፣ ባሏንም ልጆቿንም እዚሁ ያገኘች የባዮሎጂ መምህርት ናት። ኦሮምኛዋ ጎጃም ጎጃም ይላል፤ ተማሪዎቿ ይስቁባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ምላሷ ግን ስለት ነው። ያረፈደ፣ ያላጠና፣ ያንቀላፋ ሁሉ አንዲት ቀልድ ይቀምሳል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ ትምህርቱም ይቀጥላል። ተማሪን በአለንጋ ከመግረፍ በሳቅ መግረፍ ይሻላል ባይ ናት። የተገረፈውን ግን ጠይቃው አታውቅም።

ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አለኝ ይላል። ያለው የተቆለፈ በርና መነጽሩ የወለቀ ማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ ሴሉላር ሬስፒሬሽን የሚባለውን፣ ሕዋስ ምግብን በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት የሚያወጣበትን ነገር፣ በድራማ ታስተምራለች። ወንበሮቹን ታስገፋና ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ትሠራለች፤ ያ ማይቶኮንድሪያ፣ የሕዋሱ ምድጃ ነው። አንዱ ኦክስጅን ሆኖ ይቆማል። ሌላው ግሉኮስ፣ ማለትም ምግቡ፣ ይሆንና እፍኝ የገብስ ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ ከክቡ ደጃፍ ሲደርስ ለሁለት ከፍሎ ለውስጠኞቹ ያቀብላል። እነሱ ከእጅ እጅ ያዞሩታል፤ በየዙሩ የጠመኔ ስባሪ ይወጣል፤ ስባሪው ጉልበት ነው። ቆሎው እስከ መጨረሻው አይበላም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ይዘግናል።

ያን ዕለት ግሉኮስ እንድትሆን የመረጠቻት ኤቢሴን ነው። ኤቢሴ በጫንጮ መንገድ ካለ የገበሬ መንደር የምትመጣ ዝምተኛና ጎበዝ ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ ምሳ አያበላም፤ ተማሪው ከቤቱ ይዞ ይመጣል ወይም በር ላይ ይገዛል። እሷ ግን ዓቢይ ጾምን በሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ከክፍል አትወጣም ነበር፤ ጾም ነኝ ትላለች። አረጋሽ ራሷ አጥባቂ ናትና ይህ ደስ አሰኛት። በር ላይ ሳምቡሳ ሲገዙ ያገኘቻቸውን ሁሉ፣ ከኤቢሴ ተማሩ እያለች ታሳፍራቸው ነበር። ፋሲካ አለፈ፤ ረቡዕና አርብ እንኳ የማይጾምበት ሃምሳው ገባ። ኤቢሴ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ያው ከወንበሯ ናት። በድራማው ዋዜማ አረጋሽ በመስኮት ብቅ ብላ ለምን አትበይም ስትላት፣ ልጅቷ በለመደ አፏ ጾም ነኝ አለቻት። ቲቸር ወደ ስብሰባ እየተቻኮለች ነበርና ጎሽ ብላት አለፈች።

ድራማው ተጀመረ። ኤቢሴ ቆሎዋን ይዛ ከክቡ ደጃፍ ደረሰች። ውስጥ የቆመው ዲሪርሳ እጁን ዘረጋ፤ ምንም አላቀበለችውም። እፍኟ ባዶ ነው፣ ጉንጯ ሞልቷል። ክፍሉ አውካካ። አረጋሽም እንደ ልማዷ ጣል አደረገች፦

«እኔኮ በሃምሳም የምትጾሚ ጻድቅ መስለሽኝ ነበር። ትናንት ጾም ነኝ አላልሽኝም?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷን ግን ወዲያው ታወቃት። በሃምሳ ጾም የለም፤ እንግዲያው ልጅቷ ያን ሁሉ ጊዜ ጾማ ሳይሆን ተርባ ነው። ክፍሉም ገባው፤ ሳቁ ግን ቶሎ አልቆመም። ኤቢሴ ማኘኳን አቁማ ቆመች፤ ልትውጠውም ልትተፋውም አልቻለችም። ከዚያ ደብተሯን ሳትይዝ ወጣች። አረጋሽ ተከትላ መጥራት ሲገባት፣ ተማሪ ፊት መዋረዱን ፈርታ፣ የግሉኮሱን ቦታ ለሌላ ሰጥታ ትምህርቱን ቀጠለች። ይህን እግዜር ይቅር ይበላት።

ኤቢሴ በማግስቱ አልመጣችም፤ በሳምንቱም። አረጋሽ ጭንቅ ያዛት። ቅዳሜ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ከዚያም መንደሩን እየጠየቀች ሄደች። ይቅርታ ልትላት፣ ምሳዋንም አብራት እንድትበላ ለምና ልትመልሳት ነው። ቤቱ ከአንድ አዲስ የፋብሪካ አጥር ጋር ተለጥፏል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ድሮ የእነ ኤቢሴ ማሳ ነበር። እናቷን አዴ ጠጅቱን ደጅ ላይ አገኘቻቸው። ማን መሆኗን ስትነግራቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

ኤቢሴ የለችም። ትምህርት በቃኝ ብላ፣ ደላላ ወስዶ ቡራዩ ሰው ቤት አስገብቷታል። ስልክ የላትም፤ አሠሪዎቿንም እናትየው አያውቋቸውም። ምን አስከፋሽ ቢሏት ትንፍሽ አላለችም፤ ስለ ትምህርት ቤቱም ክፉ ቃል አልወጣትም። አረጋሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ልትል አፏን ስትከፍት አዴ ጠጅቱ ቀደሟት።

«ባርሲስቱ፣ ሳላመሰግንዎ ቀርቼ ነበር» አሉ፣ መምህርትነቷን በኦሮምኛ እየጠሩ። «መሬቱ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ለሁሉም አይደርስም። እሷ ግን ‹ትምህርት ቤት ቁርስም ምሳም ያበሉናል፣ የእኔን ለትንንሾቹ ስጫቸው› ትለኝ ነበር። ልጄን እያበላችሁ ስላኖራችሁልኝ ገለቶማ። እናንተንም ማዕዳችሁን አያጉድልባችሁ።»

ትንንሾቹ ከእናታቸው ኋላ ሆነው ያዩዋታል። ተመርቆ ደግሞ ዝም አይባልም። አረጋሽ አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች።