መርዶ ያልያዘ ብስክሌተኛ

ሆሳዕና ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሴራሚክ። ሥራው ደህና ነው። ልጅ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፣ ገንዘብ ይልካል፣ እናት ቤት ታሠራለች፣ እኔ ቆርቆሮ አቀርባለሁ። ከዚህ ሌላ ያለኝ አመል ብስክሌት መንዳት ነው። ከሰፈር ሰፈር አይደለም፤ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ አልፎ ገበያው ሲቀዘቅዝ አርባ ምንጭ ደርሼ የምመለስ ሰው ነኝ። ይህን ለከተማችን ነጋዴዎች ማስረዳት ትቼዋለሁ። መኪና እያለው በገዛ ጉልበቱ አገር የሚያዳርስ ነጋዴ ወይ ከስሯል ወይ ሐኪም አዞለታል ብለው ያምናሉ። አንዳንዶቹ የቱ እንደሆነ በትህትና ጠይቀውኛል።

ከባለቤቴ ጋር ግን ተስማምተናል። ስምምነቱ አጭር ነው፤ የፈለግህበት ንዳ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ ተገኝ። ስለዚህ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ወደ ሆመቾ ወይ ወደ ቦኖሻ መንገድ ወጣ ብዬ ስመለስ ከተማው ገና ፊቱን እየታጠበ ነው። ላቤ ሳይደርቅ ጋውኔን ደርቤ ሲሚንቶ አስጭናለሁ። ደንበኛ ፊቴን አይቶ "አመመህ እንዴ?" ይላል። "ደህና ነኝ" እላለሁ። ከዚያ ምስማር በኪሎ ስንት ገባ ወደሚለው እናልፋለን።

አንድ ማክሰኞ ወደ ዶዮገና ልሞክር አልኩ። ዳገቱን አውቀዋለሁ፣ በመኪና። በብስክሌት ሌላ ጉዳይ ነው። ዶዮገና የእናቴ ታናሽ እህት አለች። አክስቴ ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ እሱም ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። ከደወለ ወራት አልፈዋል፣ ስልኩም ዝግ ነው። ስለዚህ ነገር ለማንም አታወራም፤ ግን ከብት ልታጠጣ ስትወጣ እንኳ ስልኳን በመቀነቷ ሸጉጣ ነው። ውሃ ጠጥቼ፣ ሰላም ብያት ልመለስ ብዬ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ደረስኩ።

ያኔ ያላሰብኩትን አሁን ላስረዳ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሳይደውል፣ ሳይጠራ፣ ጎህ ሲቀድ በር ላይ የሚቆም ዘመድ ሌላ ትርጉም የለውም። የብስክሌት ልብሴ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ነፋሱ ዓይኔን አስለቅሶታል። ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር ስላቃተኝ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

አክስቴ ባልዲ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች። አየችኝ። ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን!" አለች።

"ኧረ ሰላም ነው!" አልኩ ትንፋሼን ሰብስቤ። "ምንም የለም። መጀመሪያ ቁጭ በይ።"

ከዚህ የባሰ ነገር መናገር አይቻልም ነበር። መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው። አክስቴ መሬት ላይ ተዘረረች፤ ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ጉድ ፈላ።

ጎረቤቱ እየሮጠ መጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ በከምባትኛ የልጁን ደግነት ይዘረዝራሉ። እኔ "ማንም አልሞተም!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው "አይዞህ፣ ላንተም ወንድምህ ነው፣ አልቅስ ይውጣልህ" ይሉኛል።

"ብስክሌት እየነዳሁ ነው የመጣሁት!" አልኩ።

"መኪና እስኪያገኝ እንኳ አላስቻለውም" አሉ ሴቶቹ። ለቅሶው ባሰ።

ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን መትከል ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ደረሰና አስከሬኑ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። በዚህ መሃል ባለቤቴ ደወለች። የሲሚንቶ መኪና ሱቁ በር ላይ ቆሟል፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

"የት ነህ?"

"ለቅሶ ላይ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በመጨረሻ የሰማኝ አገልጋዩ ነው። ልብሴ ለምን ጥቁር እንደሆነ፣ ለምን በማለዳ እንደመጣሁ ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና "እሺ፣ ታዲያ ልጁ ደህና ነው?" አለኝ። የት አውቄ? እኔ የማውቀው ሞተ ብሎ የነገረኝ ሰው አለመኖሩን ብቻ ነው። ይህንኑ ለአክስቴ ስነግራት ልቅሶዋን ድንገት አቆመች።

"ድምፁን አሰማኝ" አለች። "ድምፁን ሳልሰማ ከዚህ ንቅንቅ አትልም።"

የአንዲት ጎረቤት ልጅ ደቡብ አፍሪካ፣ የአክስቴ ልጅ ባለበት ከተማ ስለሚኖር ለእሱ ተደወለ። "ሄጄ አየዋለሁ" አለ። ተቀመጥን። ድንኳኑ ግማሹ ተተክሎ ቀረ፤ ሊጨርሰውም ሊያፈርሰውም የደፈረ የለም። ሱቅ የምገኝበት ሁለት ሰዓት አለፈ። ባለቤቴ ደግማ አልደወለችም፣ ይህ ከመደወሏ የከፋ ነው። ግን እውነቴን ነው የምለው፣ ሲሚንቶው ትዝ አላለኝም። እውነት ሞቶ ቢሆንስ እያልኩ ነበር። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። አክስቴ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የቀሚሷን አፈር እንኳ ሳታራግፍ ተቀምጣለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኳ ጠራ፤ የጎረቤቷ ልጅ ቁጥር ነው። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ማን ሞተ?" አለ የአክስቴ ልጅ፣ እያለቀሰ። "እማዬ ናት አይደል? እውነቱን ንገሩኝ!"

"አለሁ" አለች አክስቴ። "አንተ አለህ?"

"አለሁ።"

ሰፈሩ ሃሌ ሉያ አለ። ሌቦች እዚያ የከፈተውን ሱቅ ዘርፈውት፣ ስልኩንም ወስደውበት፣ ለእናቱ የሚልከው አጥቶ ኖሯል። "ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል?" አለ።

"እኔ ብር ጠየቅኩህ?" ብላ ጮኸችበት። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። "ከሰርኩ ብለህ ደውል! ራበኝ ብለህ ደውል! የምትለው ከጠፋህ ደውልና ዝም ብለህ ተንፍስልኝ!" ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። አንጀቴን በሉት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እኔም አለቀስኩ።

ድንኳኑ ተነቀለ። አገልጋዩ የምስጋና ጸሎት አደረገ፤ ሲጨርስ ለብስክሌተኞችም ማስተዋል እንዲሰጣቸው ጌታን ለመነ። አሜን አልኩ፣ ምን ላድርግ?

አክስቴ እስከ በሩ ሸኘችኝ። "ሁለተኛ በማለዳ አልመጣም" አልኳት።

"ና" አለች። "በፈለግህ ሰዓት ና። ግን ስማኝ። ያ አገር ክፉ ነው። አንድ ቀን የእውነቱ መርዶ ቢመጣ፣ የሚልኩት አንተን ነው። ያን ቀን በመኪና ና። በብስክሌት ካየሁህ ሰላም መሆኑን ልወቅ።"

እሺ አልኳት። ሱቅ ስደርስ ባለቤቴ የመጋዘኑን ጓጉንቸር አሰብራ ሲሚንቶውን አስገብታለች። ስለ ጓጉንቸሩ እስከዛሬ አልተነጋገርንም።

ባለፈው ክረምት ዶዮገና ያለ አንድ ደንበኛ የሴራሚክ ናሙና አምጣልኝ አለኝ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ባለቤቴ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደንበኛው ቤት የሚኬደው በአክስቴ በር ፊት አልፎ ነው። ሴራሚኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አሰርኩና በብስክሌት ሄድኩ።