የአርዲስ ባንኮኒ

አርዲስ «ሃርላን ቤት» በሚባለው ምግብ ቤት የተቀጠረችው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ አንዲት አስተናጋጅ ወልዳ ስለተኛች በእሷ ምትክ ቁርስ እንድታቀርብ ገባች። የወለደችው ሴት አልተመለሰችም፣ አርዲስም አልወጣችም። ይኸው አርባ ስምንት ዓመት። በዚህ መሃል አግብታ ፈታች፣ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ ዳረች፣ አንድ ጉልበቷን በቀዶ ጥገና አስቀየረች፤ ከባንኮኒው ኋላ ግን ንቅንቅ አላለችም።

የጎማ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እዚህ ኦሃዮ፣ በእኛ ከተማ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚከፈት ምግብ ቤት ሃርላን ቤት ብቻ ነው። እኔ ሮይስ እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በርጩማዬ ከመስኮቱ ሦስተኛው ነው። ስኒው በማስቀመጫው ላይ ተደፍቶ ይጠብቅሃል። ተቀምጠህ ስኒህን ትገለብጣለህ፣ አርዲስ ቡና ትቀዳለች፣ ከዚያ የወትሮው ምግብህ ይመጣል። «ምን ልታዘዝ?» ብላ የምትጠይቀው መንገደኛን ነው። አንድ ሰው የቤቱ ሰው ሆነ የሚባለው አርዲስ መጠየቅ ያቆመች ዕለት ነው። እኔን መጠየቅ ያቆመችው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ መመላለስ በጀመርኩ በአራተኛው ወር ነው፤ ያን ዕለት ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለጁን ሹመት ያገኘሁ ያህል አወራሁላት።

አርዲስ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛ አታውቅም። በምግብ ማሳለፊያዋ መስኮት አንገቷን አስግጋ «ሮይስ!» ካለች፣ አብሳዩ ሊንዴል የሚሠራውን ያውቃል።

ባለቤቱ ሽማግሌው ሃርላን ሲሞት ቤቱ ለልጁ ለኮሪን ደረሳት። ኮሪን ክፉ ልጅ አይደለችም። ሕፃን ሳለች አርዲስ በድንች ሣጥን ውስጥ አስተኝታ በእግሯ እያወዛወዘች ነው ያሳደገቻት። ግን የእንቁላሉ ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ ወጣቱም በስልክ አዝዞ ቤቱ መብላት ለመደ። ኮሪን የሚወሰደው ምግብ በከረጢት የሚደረደርበት መደርደሪያ አሠራችና ሦስት በርጩማ ተነሳ። ቀጥላ በየጠረጴዛውና በባንኮኒው ላይ ስክሪን አስተከለች። ሰው ራሱ እየነካ ያዛል፣ ትእዛዙ ወጥ ቤት ይደርሳል።

«እስከ ሰኔ መጨረሻ ከሠራልን፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አስተናጋጅ ይበቃናል» አለች፤ ፊት ለፊት መናገሯን አመሰግንላታለሁ። ሌላዋ አስተናጋጅ ሁለት ጨቅላዎች ያሏት ልጅ ናት። ማን እንደሚወጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። አርዲስ «ልጅቷ የምታበላቸው አሏት» ብላ ባንኮኒውን መወልወሏን ቀጠለች።

ስክሪኑ ሥራ በጀመረበት ሰኞ እንደ ልማዴ ስኒዬን ገለበጥኩ። አርዲስ ቡናዬን ቀዳችልኝና ቆመች።

«ይሄ ነገር ምን ፈልጎ ነው የሚያበራብኝ?» አልኳት።

«ምን እንደምትበላ እየጠየቀህ ነው፣ የኔ ማር።»

«አንቺ ታውቂው የለ!»

«እኔማ አውቃለሁ። እሱ ግን እንግዳ ነው።»

ከጎኔ የሚቀመጠው ቧንቧ ሠራተኛው ኤልዉድ «ፈጠን በል እንጂ ሮይስ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው» እያለ ያላግጥብኛል። በወፍራም ጣቴ እየደነቆልኩ ሁለት እንቁላል፣ ቋሊማ፣ የተጠበሰ ድንች አዘዝኩ። መጣ። ቋሊማውን ስቆርሰው ስቡ ተንዠቀዠቀ፣ ድንቹ በጨው ምላሴን አቃጠለኝ።

«ሊንዴል! ቋሊማው ምን ሆኖ ነው?»

ሊንዴል በመስኮቷ ብቅ አለ። «ምን ይሆናል? የአሳማ ቋሊማ ነው። ያዘዝከው እሱን ነው።»

«ሁልጊዜ የምበላውስ?»

አርዲስን አየት አደረገና «እኔ በዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም» ብሎ ራሱን ወደ ውስጥ መለሰ።

አርዲስ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበላኸው የተርኪ ዶሮ ቋሊማ ነው። ድንችህም ጨው ገብቶበት አያውቅም።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ጁን።»

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልቤ ታሞ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ሐኪሙ የአሳማ ሥጋና ጨው ተው ሲለኝ፣ ሞቴን እመርጣለሁ ብዬ ጮህኩበት። ጁን ያን ጊዜ ራሷ ታማ ልትሞት ሁለት ወር ቀርቷታል። እኔ በሌለሁበት እዚህ ድረስ በከዘራ መጥታ ኖሯል።

«ብነግረው እልህ ይይዘዋል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስጪው አለችኝ» አለች አርዲስ። «አደራ አለችኝ። ምን ላድርግ?»

ደሜ ፈላ። ሁለት ሴቶች ተመካክረው እንደ ሕፃን ሲያበሉኝ ኖረዋል! ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሦስት ቀን እዚያ ቤት አልደረስኩም፤ ቤቴ እንቁላል እያሳረርኩ በላሁ። በሦስተኛው ቀን መጥበሻውን ስፈገፍግ ጁን ትዝ አለችኝ፤ እሷ እየሞተች የኔን ቋሊማ ስታስብ። እዚያው የእቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ኮሪን ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ የየደንበኛውን የወትሮ ምግብ ወደ መሣሪያው ታስገባለች፤ አርዲስ ቆማ እየነገረቻት ነው።

«ኤልዉድ፣ ሦስት እንቁላል። ከሚስቱ የተጣላ ሰሞን አራት።»

«መጣላታቸውን በምን አውቃለሁ?»

«ሸሚዙ አይተኮስም። ሚስ ፔትሪ፣ አንድ ፓንኬክ። ሁለት አድርጊላት፤ አንዱን ለውሻዬ ብላ ትወስዳለች።»

«ውሻዋ ሞቶ የለም እንዴ?»

«ሁለት ዓመቱ። ራቷ ነው። እንዳታውቂባት።»

ኮሪን ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቀረ። «አርዲስ፣ ይሄን የምጽፍበት ቦታ የለውም።» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «ሌላ መንገድ ቢኖረኝ እኮ...»

«አውቃለሁ ልጄ። ጻፊ ይልቅ። ሮይስ፣ የአሳማ ቋሊማ። ካሁን በኋላ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«የተርኪ ብለሽ ጻፊ» አልኩ ከበሩ። «ጨውም አይግባበት።»

አርዲስ ዞር ብላ አየችኝ፤ ስኒ አቀረበችልኝና ቡና ቀዳችልኝ። ይቅርታው በዚያው አለቀ።

በሰኔ መጨረሻ ኬክ ተቆረሰላት፣ አበባ ተሰጣት፣ ሽርጧን አጣጥፋ ሄደች። በሐምሌ የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት እሷ ናት። ልማድ ሆኖባት ወደ ባንኮኒው ኋላ ሁለት እርምጃ ከተራመደች በኋላ ቆመች። ተመልሳ መጥታ በሌላው ጎኔ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ስኒዋንም ገለበጠች። አስተናጋጇ ልጅ ቡና ቀዳችላት። ስክሪኑ በራ።

ሊንዴል በመስኮቷ ብቅ ብሎ «አርዲስ፣ እኔ ልሥራልሽ፤ መቼም አንቺ የምትወጂው...» አለና ቀጥ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ሠርቷል። ኤልዉድን አየሁት፤ እሱም ስኒውን ያያል። እኔስ ብሆን? አሥራ አንድ ዓመት ልቤን የጠበቀችልኝ ሴት ቡናዋን በወተት ትጠጣ በጥቁሩ አላውቅም። አፈርኩ።

«ምን ትወጃለሽ?» አልኳት።

አሰበች። «እንጃ። ወጥ ቤት ቆሜ ተበላሽቶ የተመለሰውን ነበር የምጎርሰው። የጠየቀኝም የለ።»

የምግብ ዝርዝሩን ራሷ ለአርባ ስምንት ዓመት ለሰው ስትነግር እንዳልኖረች ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ቆይታ ቆይታ «አንድ እንቁላል፣ አስኳሉ የጠጠረ» አለች። «አጃ ዳቦ ከፖም ማርማላታ ጋር። ወተት አልፈልግም።» አዘዝኩላት። ቀስ ብላ፣ ተቀምጣ፣ ፍርፋሪው ሳይቀር በላች።

በማግስቱ ከእሷ ቀድሜ ደረስኩ። መጥታ ተቀመጠች፣ ስኒዋን ገለበጠች፣ እጇን ወደ ስክሪኑ ስትሰድ በመዳፌ ሸፈንኩባት።

«ተይው፣ የኔ ማር» አልኳት። «ታዟል።»