መፍታትና መተርተር

የቅርስ ቤቱ ሰዎች የአንዲትን ሴት ካፖርት ተረተሩት። በፈቃዷ ነው ይላሉ፤ ወረቀትም ያሳያሉ። በወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ግን የእነሱ ነው፤ በደሉም የተፈጸመው በዚያ ቃል ውስጥ ነው።

ሴትዮዋን ሰፈሩ ሁሉ «ባለመርፌዋ» ይላታል። ዕድሜዋ ስድሳ ስምንት ነው። ከብስክሌት መጠገኛው በላይ፣ አሥራ አራት ደረጃ ወጥቶ በሚገኝ አንድ ክፍል፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ አርባ ስድስት ዓመት ድርብ ልብስ ሰፍታለች። ድርብ ልብስ ማለት በላይኛው ጨርቅና በገበሩ መካከል ጥጥ ተነጥፎ፣ ሦስቱ በአንድ ክር ከዳር እስከ ዳር በረድፍ ተወግተው አንድ የሚሆኑበት ነው። ለአራስ ልጅ መጠቅለያ፣ ለዘበኛ ሰደርያ፣ ለዳቦ ጋጋሪ እሳት የማይዘልቀው ጓንት፣ ሁሉም ከእጇ ወጥቷል። ከደረጃው ሥር ያለው ጎረቤቷ ልብስ ተኳሽ ነው። ሰው ሥራውን ሲጠይቀው «ተኳሽ ነኝ፤ እስካሁን ግን የሞተ ሸሚዝ የለም» ይላል። ይህን ቀልድ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉም ስቃለታለች።

ካፖርቱ ለሽያጭ የተሰፋ አልነበረም። መጀመሪያ የሰፋችው ምንጅላቷ ናት፤ ባሏ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ከወፍራም ነጭ ጨርቅ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ጥጥ ነጥፋ፣ ስለት እንዳይዘልቀው አድርጋ። ሰውየው በሕይወት ተመለሰ፤ ልብሱ ግን አለቀ። ቅድመ አያቷ የእናቴ እጅ ያረፈበት አይጣልም ብላ ባለመስመር ጨርቅ ደረበችበት። አያቷ ጨርቅ በጠፋበት ዘመን የዱቄት ከረጢት አጥባ ደረበችበት፤ የወፍጮ ቤቱ ፊደላት እንኳ በወጉ አልለቀቁም ነበር። እናቷ ደግሞ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ ቀይ መጋረጃ ደረበችበት። እያንዳንዷ አዲስ ጥጥ ነጥፋ የራሷን ጨርቅ ከላይ ስታደርግ መርፌዋን እስከ ታችኛው ነጭ ድረስ ትሰድ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጨርቅ የአራቱንም ሴቶች ስፌት ተሸክሟል። አያቷ ግራኝ ስለነበረች የእሷ ረድፍ ወደ ግራ ያዘነብላል። እናቷ የክሩን ቋጠሮ ከጥጡ ውስጥ ትደብቅ ነበር። ባለመርፌዋ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ ማን የት እንደወጋች ታውቅ ነበር።

የካፖርቱ ሕግ አጭር ነው፦ እጅ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር የራስን ጨርቅ ደርቦ ለሴት ልጅ ማስረከብ። አምስተኛው ሰማያዊ ጨርቅ ተገዝቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ መደርደሪያው ላይ ይጠብቅ ነበር። ቀኝ እጇም ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ልትጀምር ባሰበችበት ሳምንት ነው የቅርስ ቤቱ አጥኚ አሥራ አራቱን ደረጃ ወጥቶ የመጣው።

የመጣው ለዐውደ ርእይ ነበር፤ ድርብ ልብስ በዘመናት የሚል። ተዋጊዎች ከብረት ልብሳቸው ሥር ይለብሱት እንደነበር፣ ፈረስም እንደሚለብሰው፣ ከዚያ ወደ ገበሬውና ወደ ነጋዴው ትከሻ እንደወረደ ጥሩ አድርጎ ነገራት። ትምህርቱን ማንም አይክደውም። ካፖርቱን ሲያይ እጁን ወደ ኋላው አጣመረ፤ ይህን አክብሮት ወደደችለት።

«እትዬ፣ ይህ ልብስ ውስጡ ብዙ ታሪክ አለው» አላት።

«ውስጡ ያለውማ ሴት ነው። አራት ሴት።»

«ልክ ነዎት። እኛም እሱን ልንፈታው ነው የምንፈልገው። ሦስት ወር ቢበዛ።»

«ትፈቱታላችሁ?»

«ለጥናት።» ወረቀቱን ዘረጋላት። ልብሱ ለጥናት እንዲፈታ ፈቅጃለሁ ይላል።

ሳቀች። «ሕልም ነው እንዴ የሚፈታው?»

እሱም ሳቀ። «እንደ ሕልም ያድርጉት።»

«እንግዲያው ፍቱት። እኔም ፍቺውን ብሰማ ደስ ይለኛል» አለችና ፈረመች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና። በመርፌ ሙያ ውስጥ ስፌት አይፈታም። ቋጠሮ ይፈታል፤ እስረኛ ይፈታል፤ እንቆቅልሽና ሕልም ይፈታል፤ ሽማግሌ ካልገባበት ትዳርም ይፈታል። ስፌት ግን ይተረተራል። ባለመርፌዋ ዘንድ ሙያ ልትማር የመጣች ልጅ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት «ይህን ስፌት ልፍታው?» ብትል የምትሰማው መልስ «ምን አጥፍቶ ታሰረ?» የሚል ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወረቀት ላይ መተርተርን ልታነብ የምትችልበት መንገድ አልነበረም። አጥኚውስ? መሥሪያ ቤቱ «መተርተር» የሚለው ቃል ለወረቀት አይመጥንም ብሎ «መፍታት»ን መርጧል። ቃሉ በእሱ ጠረጴዛ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሴትዮዋ ሕልም ስትለውም ምን እንደተረዳች በጆሮው ሰምቷል። ለማረም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እሱ ግን እንደ ሕልም ያድርጉት አላት።

ሦስቱ ወር አምስት ሆነ። ከዚያ የጥሪ ካርድ መጣ። ልጇ አዋላጅ ናት፤ የዚያን ዕለት ተረኛ ስለነበረች ተኳሹ የራሱን ሸሚዝ ተኩሶ አብሯት ሄደ።

አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። ባለመርፌዋ ከአንዱ የመስተዋት ማሳያ ሳጥን ወደ ሌላው እየዞረች፣ መናኸሪያ ላይ የጠፋባትን ሰው እንደምትፈልግ፣ አንገቷን እያሰገገች ፈለገች። የተዋጊ ሰደርያ አየች። የፈረስ ልብስ አየች። በአራት መስተዋቶች ውስጥ አራት ጨርቆች እንደ ካርታ ተዘርግተው ተሰቅለዋል፤ አየቻቸውና አለፈቻቸው። ካፖርት የለም። ሌላ ክፍል ይኖራል ብላ አሰበች። ሌላ ክፍል አልነበረም።

በረኛው ግራ መጋባቷን አይቶ ጠጋ አላት። «ምን ጠፋብዎት፣ እናቴ?»

«ካፖርት።»

«እንዴ፣ የልብስ ማስቀመጫው እኮ መግቢያው ላይ ነው። ቁጥር ሰጥተውዎታል?»

ቁጥር ያለው ወረቀት መያዟ ትዝ አላት። የጥሪ ካርዱን ይዛ ወደ መግቢያው ሄደች። የልብስ ጠባቂዋ ልጅ ካርዱን ገልብጣ አየችው፣ መስቀያዎቹንም አየች። «ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ላዩ ቀይ ነው። ከሥሩ የዱቄት ከረጢት ነው። ከእሱ ሥር መስመር አለው። ከዚያ ነጭ።»

«አንዱን ብቻ ይንገሩኝ» አለች ልጅቷ።

አንዱን ብቻ መንገር አልቻለችም። ተኳሹ መጥቶ ክንዷን ይዞ መለሳትና ከአራተኛው መስተዋት ፊት አቁሞ ጽሑፉን አነበበላት፦ «ቀይ የመጋረጃ ጨርቅ። አራተኛ ድርብ። በባለቤቷ ፈቃድ የተፈታ።»

«የእናቴን ጨርቅ ይመስላል» አለች።

«ይመስላል ብሎ ነገር ምንድን ነው፣ እትዬ? ነው እንጂ። ያውና፣ እጅጌው።»

«እሱስ እሺ። ካፖርቱስ?»

በዚህ መሃል አጥኚው እንግዶች አስከትሎ መጣ። «ይህን ድንቅ ቅርስ ያበረከቱልን እናት እኚህ ናቸው» አለ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አይታ እሷም አጨበጨበች።

ሲመለሱ፣ ደረጃው ሥር ስትደርስ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ፈቱት ሲባል ምን ማለት ነው?»

ተኳሹ ሊያስቃት ፈለገ። «እንደ ሁኔታው ነው። ከእስር ከሆነ እልል፣ ከትዳር ከሆነ እዬዬ።»

«የኔው የትኛው ነው?»

«ካፖርቱ አለ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

«አለ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«የለም» አለችው።

ልጇ በማግስቱ መጣች፤ ከእናቷ የተለየ ጭንቅላት አላት፣ ነገርን ከሥሩ ይዛ ትጠይቃለች። ወረቀቱን መስኮት ላይ ዘርግታ አነበበችው።

«እማዬ፣ ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቃሉንስ አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ። ይፈታ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ፈቱት።»

«አልፈቱትም ልጄ። ተረተሩት።»

«ልዩነቱን እኔ እንኳ አሁን ካንቺ ነው የሰማሁት» አለች ልጅቷ፤ ወዲያው የተናገረችው ራሷን አሳመማት። የመርፌ ሙያ ሳትማር ነው ያደገችው። ተቀምጣ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈች።

መልሱ ከዐውደ ርእዩ መዘጋት ጋር አብሮ ደረሰ። «መፍታት ማለት ተያይዞ የነበረን ነገር መለያየት መሆኑ የታወቀ ስለሆነ አቤቱታው መሠረት የለውም። ባለንብረቷ ንብረታቸውን ሙሉ በሙሉ መረከብ ይችላሉ።»

እናትና ልጅ አብረው ሄዱ። መዝገብ ያዡ ገጹን ከፍቶ እያነበበ አስረከባቸው፦ ጨርቅ አራት። ጥጥ በከረጢት አራት። ቁልፍ ሰባት። ሲገባ የተጻፈው «ካፖርት፣ አንድ» ነበር፤ ሲወጣ የተጻፈው ዕቃ አሥራ አምስት። ካፖርት የሚለው ቃል በመውጫው ገጽ ላይ የለም፤ ጎደለ የሚል ቃልም የለም።

«አንድ አስገብተው አሥራ አምስት ይዘው ሊወጡ ነው፤ ምን ጎደለዎት?» አለ መዝገብ ያዡ። ቀልዱ ነው።

አጥኚው ተጠርቶ መጣ። ነጭ ጓንት አድርጋ ጨርቆቹን እንድትነካ ፈቀደላት፤ የራሷን። ቀዩን በከረጢቱ ላይ፣ ከረጢቱን በባለመስመሩ ላይ፣ ባለመስመሩን በነጩ ላይ አነጠፈችና የቀዩን የመርፌ ቀዳዳ በታችኛው ቀዳዳ ላይ ለማሳረፍ ሞከረች። አልገጠመም። ከስፌቱ ሲላቀቅ ቀዩ ተለጥጧል፣ ነጩ ተኮማትሯል። ከአንገቱ ብትጀምር ጫፉ ያልፋል፤ ከጫፉ ብትጀምር ትከሻው ይርቃል። ነጩ ላይ ቀዳዳው እንደ ወንፊት ነው፤ የትኛው የእናቷ፣ የትኛው የግራኟ አያቷ እንደሆነ ጓንት ባጠለቀ ጣት ፈለገች። ጓንቱን አውልቃም ፈለገች። ባዶ ቀዳዳ ወደ ግራ አያዘነብልም።

«ክሩስ?» አለች።

«ክሩ?»

«ይህን ሁሉ ይዞት የነበረው ክር።»

አጥኚው ወደ መዝገብ ያዡ ተመለከተ። ከየድርቡ ጣት የምታህል ናሙና በብልቃጥ መቀመጧን፣ የተቀረው መወገዱን፣ አሠራሩም የተለመደ መሆኑን አስረዳ። ክር በቅርስነት አይመዘገብም። «ጨርቁ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተቀደደም። እርስዎ ደግሞ ባለሙያ ነዎት፤ ቢፈልጉ መልሰው ሊሰፉት ይችላሉ።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ልጇ ከዚያ በኋላ በጻፈችው ሁለተኛ አቤቱታ ላይ ይህ አልተጻፈም፤ ሊጻፍ ግን ይገባ ነበር። የአራት ሴቶች እጅ የነበረው ክሩ ላይ ነው። ያን ጠራርጎ የጣለ ሰው ጨርቁ አልተቀደደም ብሎ እንደ ታማኝ ዕቃ ጠባቂ ቆሟል።

ነጩ የካርቶን ሳጥን ወደ ክፍሏ ገባ። ለብዙ ቀን ጠዋት ጠዋት ታወጣቸዋለች፣ ታነጥፋቸዋለች፣ መልሳ ትከታቸዋለች። አንድ ጊዜ ሰማያዊውን ከወረቀቱ አውጥታ ከሁሉም በላይ ዘረጋችው። ክር አስገባች፤ መርፌዋን አነሳች፤ የት እንደምትወጋ ግን ጠፋት። እስከ ነጩ ድረስ ብትሰድ ደርባ መስፋቷ ነው ወይስ አዲስ ልብስ መሥራቷ? ግራኝ ሴት ባልነካችው ረድፍ ላይ የእሷ ረድፍ ከምን ቀጥሎ ይቆጠራል? ፍቱት ያልኩት እኔው አይደለሁምን? የመጨረሻውን ጥያቄ ጮክ ብላ ጠየቀችው፤ ልጇ ሰማቻት።

«ተይው፣ እማዬ። ለኔ አዲስ ስፊልኝ።»

«አዲስማ ለሰው ሁሉ ሰፍቻለሁ» አለች።

ሰማያዊውን አጠፈችው። ከዚያ ወዲህ እጇ ከሰዓት በኋላም መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ለዘበኞቹ ሰደርያ የምትቆርጠው ሌላ ሴት ናት፣ ባለመርፌዋ ክር ብቻ ትመርጣለች። ተኳሹ ቀልዱን አሁንም ይናገራል፤ ትንሽ ቆይታ ትስቅለታለች።

የዐውደ ርእዩ መጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል። አራቱ ጨርቆች አራት ገጽ ይዘዋል፤ ከሥራቸው «በባለቤቷ ፈቃድ የተፈታ» የሚለው አራት ጊዜ ተጽፏል። አጥኚው አሁን በሌላ ከተማ የሌላ ቤተሰብ ድርብ ልብስ እያጠና ነው። ሁለተኛው አቤቱታ መልስ አላገኘም። የፈቃዱ ቅጽ አልተለወጠም፤ አሁንም እንዲፈታ ይላል። ሳጥኑ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ውስጡ አሥራ አምስት ዕቃ አለ።