በሁዳዴ የተነሳ ምስል

ጉርድ ሾላ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው ጉንጯ ላበጠ፣ በብርድ ለምትንቀጠቀጥ ልጅ ደረቡላት። ኮታቸው አሮጌ ነው፤ አዝራሮቹን ራሳቸው የተከሏቸው ይመስላል፣ የእያንዳንዱ ክር ሌላ ነው። «አይዞሽ የኔ ልጅ» ሲሏት የተሸረፈ የፊት ጥርሳቸው ታየኝ። እንዲህ ያለውን ሰው አያሳጣን አልኩ በልቤ።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ክሊኒኩ ባስመጣው አዲስ ስካነር የተነሳ የጥርስ ምስል ያሳያል። ቆሻሻ የተጣበቀበት ቦታ ሁሉ ቀይ ሆኗል።

«ይሄ ሰውዬ ጥርሱን ፍቆ አያውቅም እንዴ!» አለ አንድ ወጣት። ሰዉ ሳቀ።

ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቀና ብዬ ሳይ፣ በምስሉም ላይ የፊት ጥርሱ ተሸርፏል።

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ሁዳዴ ነበር፣ ልጄ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አፌ አይገባም፤ ሳልጉመጠመጥ ነው ከእንጦጦ የወረድኩት። በሌላው ቀንማ የወይራ መፋቂያ ከእጄ አይለይም። ሐኪሟ ‹አባባ፣ ይህን ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያየው የለም› ብላኝ ነበር። አምኛት ነው አፌን የከፈትኩት።»

«ታዲያ ሐኪሟን አሁኑኑ ጠርተው አይነግሯትም?»

«እዚህ፣ ሰው ፊት?» አሉ ደንግጠው። «ልጅ እኮ ናት፤ ታፍራለች። አንተ ስትገባ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ቀስ ብለህ ንገርልኝ።»