ድጋፉን ማን አነሣው

የዚያን ቀን ጠዋት በግቢያችን የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባቴ፣ ጓዳ ውስጥ ጠላ የምታጠልለው እናቴ፣ ሙሽራዋ እህቴ ብዙነሽ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደርበው፣ ዳስ ሊጥሉ የመጡ አራት ጎረቤቶች፣ እና ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ እኔ። ግንበኛው ጋሽ ግዛው አልነበሩም። ጥፋቱ የተለጠፈው ግን እሳቸው ላይ ነው።

አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ በሸተተኝ ቁጥር እነዚህ ሰዎች ፊቴ ይቆማሉ። ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን፣ ልጄ በምትሠራበት ሕንፃ ደጃፍ ላይ ያ ሽታ መጣብኝ፤ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ብሆንም ይህን መጻፍ እንዳለብኝ የዚያን ዕለት ቆረጥኩ።

ቤታችን ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ ጣራው በጓሳ ሣር የተከደነ። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳያባራ ሰነበተና፣ ነሐሴ ላይ የጓዳው ግንብ ውሃ ጠጥቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ወደ ውጭ ወጣ። አባቴ በየማለዳው ጋቢውን ተከናንቦ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየው ነበር፤ አይቶ አይቶ ወደ ቤት ይገባ ነበር። ሥራው ይኸው ነበር። ሰው ልካ ግንበኛ ያስጠራችው እናቴ ናት።

ጋሽ ግዛው የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። ከዓለም ከተማ በኩል ቆላውን አቋርጠው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ መዶሻቸውን በስልቻ ይዘው መጡ፤ የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር አልነበረውም። ግንቡን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱና ለእናቴ፣ «እርጥብ ሆኖ ከነካነው ሁሉም ይመጣብናል። ይድረቅ። ጥር ሲጋመስ መጥቼ ድንጋይ በድንጋይ አውርጄ እንደገና እገነባዋለሁ፣ እስከዚያ እንያዘው» አሏት።

ሦስት ወፍራም ባሕር ዛፍ አስቆርጠው፣ ልጣጩን ልጠው፣ ለእያንዳንዱ ግርጌ መሬት ቆፍረው ከኋላው ትልቅ ድንጋይ አስደገፉት፤ ጫፉን በቀጥታ ግንቡ ላይ አላሳረፉትም፣ በመካከሉ ጣውላ አስገብተው ክብደቱ እንዲከፋፈል አደረጉ። ከዚያ በግርጌውና በድንጋዩ መካከል ጫፉ የቀጠነ የእንጨት ሽብልቅ ቀስ አድርገው መቱ። እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሳይ፣ «አየሽ አስካለ፣ ድጋፍ አይገፋም። ከገፋሽው ይፈርሳል። ያዝ ነው የሚባለው፣ ያዝ ብቻ» ይሉኝ ነበር።

ሲጨርሱ ግንቡ በተሰነጠቀበት ላይ ቀጠን ያለ ጭቃ መዳፍ በሚያህል ስፋት ለጠፉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ያንቺ ነው። በየጠዋቱ እዪው። ጭቃው ደኅና ከሆነ ግንቡም ደኅና ነው። ጭቃው አዲስ ስንጥቅ ካወጣ ግን ግንቡ መሄድ ጀምሯል፤ አትጠይቂ፣ አትከራከሪ፣ ሰው አስወጪ።»

መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን ያንን ጭቃ ስጠብቅ ከረምኩ። ሌሎች ልጆች አደይ ሲለቅሙ እኔ ከጓዳው ጀርባ ነበርኩ። ባሕር ዛፉ ሲደርቅ እየቀጠነ ሽብልቁን ያላላው ነበርና፣ እንዳሳዩኝ በትንሽ ድንጋይ ጠቅ ጠቅ አደርገው ነበር። አባቴ ሲያየኝ «የግንብ ሐኪም!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እስከ ዛሬ ቤት ስገባ ከሰው ፊት በፊት ግድግዳና ጣራ የማየው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ልጆቼ ያፍሩብኛል።

ታኅሣሥ ገብስ ተወቅቶ ሲገባ የብዙነሽ ሠርግ ለጥር መባቻ ተቆረጠ፤ ጋሼ ደርበውም መመላለስ ጀመሩ። አጎቴን እስከ ዛሬ አንቱ የምላቸው አፌ ስለለመደ ብቻ ነው። በሕይወታቸው አንድ ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ላይ አላስቀመጡም፤ ነገር ግን ሰው የሠራውን ሁሉ በከዘራ ጫፍ እየነካኩ ያቃልሉ ነበር። ድጋፎቹን ባዩ ቁጥር ምራቃቸውን ጢቅ ያደርጉና፣ «የወንድሜ ቤት ምርኩዝ ይዞ ልጅ ሊድር ነው? አማቾች መጥተው ምን ይበሉን?» ይሉ ነበር። ቤቱ ቢፈርስ ግድ አልነበራቸውም፤ እንደቆመ ሰው እንዳይስቅበት ነበር ጭንቀታቸው።

የሠርጉ ጠዋት ዳስ ሲጣል ሦስት ቋሚ ጎደለ። አንዱ ጎረቤት «ከጫካው እንቁረጥ» አለ። ጋሼ ደርበው ከት ብለው ሳቁ። «እዚህ ሦስት ሸበላ ባሕር ዛፍ ግንብ ተደግፎ እያንቀላፋ ጫካ ትወርዳለህ? አምጣ መጥረቢያውን!»

ሮጬ መንገዳቸው ላይ ቆምኩ። «ጋሽ ግዛው እንዳይነካ ብለዋል።»

«ጋሽ?» አሉና ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? ቆለኛው ጋሽ ሆነ! ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ስለ ደጋ ድንጋይ ምን ያውቃል?» ሁሉም ሳቁ። አባቴ ጫማውን ያይ ነበር። ደግሞ ጫማው ላይ ምንም አልነበረም።

አጎቴ ራሳቸው ሽብልቆቹን በመጥረቢያው ጀርባ አንድ በአንድ መትተው አወጡ። ሦስቱም ባሕር ዛፎች ተነሡ፤ ግንቡ ግን ቆመ። ያን ጊዜ ጋሼ ደርበው እንደ በሬ ጀርባ በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉትና፣ «ይኸው! የታለ የፈረሰው? ከእኔም ይጠነክራል» ብለው ወደ ዳሱ ሄዱ።

እኔ አልሄድኩም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጭቃው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወጣ፤ ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁት ጣት አከለ። አባቴ ጋ ሮጥኩ። «አባባ፣ ጭቃው ተሰነጠቀ!» እሱ ወንበር ተሸክሞ ነበር። «ዛሬ ሠርግ ነው፣ ዞር በይ!» አለኝ። እናቴ ከዚያ ግንብ ሥር ጋን ላይ ጎንበስ ብላለች። እውነቱን ብነግራት ጠላዋን ጥላ እንደማትወጣ አውቅ ነበርና ዋሸሁ፤ «እማዬ፣ ብዙነሽ ወድቃለች! አትናገርም!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ እጇ ጠላ እያንጠባጠበ ወጥታ በረረች። ብዙነሽን ደጅ ላይ ፀጉሯን ስትሠራ ስታገኛት ዞራ በጥፊ አጮለችኝ። የጥፊው ድምፅና የግንቡ ድምፅ አብረው ነው የተሰሙት። ግንቡ ወደ ውጭ ተዘረገፈ፣ የጣራው ጫፍ ጋኖቹ ላይ ተቀመጠ፣ አቧራው ሙሽራዋን አለበሳት። እናቴ እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች። ስለዚያ ጥፊ አንድም ቀን አላነሣችም፤ ግን እስክትሞት ድረስ እንጀራ ስትቆርስ የመጀመሪያውን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር።

አማቾች ሲደርሱ ጋሼ ደርበው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ቆለኛ ግንበኛ አምጥተን በባሕር ዛፍ ሲገፋው ሲገፋው አፈረሰብን!» ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ድጋፎቹን ሲያነሡ ያዩት አራቱ ጎረቤቶችም አብረው መጠጡ፤ የሚበሉት ሥጋ ከአፋቸው እንዳይወሰድባቸው ይሆናል። ያን የመሰለ የሰው ክምችት ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፣ አንዱንም አላከበርኩም።

ጥር ሲጋመስ ጋሽ ግዛው በቃላቸው መሠረት መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ዳሱ ለመልስ ተብሎ አልፈረሰም ነበር፤ አባቴ፣ አጎቴና ጎረቤቶቹ ከሥሩ ተቀምጠዋል። ጋሽ ግዛው ፍርስራሹን አዩ፣ የድጋፎቹን ጉድጓድ አዩ፣ ቀና ብለው የዳሱን ቋሚዎች አዩ። የራሳቸው የመጥረቢያ ምልክት በሦስቱ ላይ ነበር።

«ድጋፉን ማን አነሣው?»

ጋሼ ደርበው፣ «አፍርሰህ ስታበቃ ጠያቂ ልትሆን ነው?» አሉ።

ጋሽ ግዛው ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ አንቺ ትጠብቂ አልነበር? ማን አነሣው?»

አባቴን አየሁት። ጭንቅላቱን ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ፣ ወደ ጎን ነቀነቀ።

«አላየሁም» አልኩ።

«እሺ» አሉ፤ መዶሻቸውን ወደ ስልቻው መልሰው ቁልቁለቱን ወረዱ። ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር «ገፍቶ ያፈረሰው» ተብለው ቀሩ፤ የጠራቸውም የለም። ጋሼ ደርበው ግን ተከብረው አርጅተው፣ ተለቅሶላቸው ተቀበሩ። እኔም ከለቃሾቹ ጋር ነበርኩ፤ ዓይኔ ግን ደረቅ ነበር።

አሁን ልጄ ደብረ ብርሃን በቀን ሥራ ሲሚንቶ ታቦካለች፣ ድንጋይ ታቀብላለች። ያ ሽታ የመጣብኝ ቀን ምሳ ይዤላት ስሄድ፣ ለሕንፃው አጥር የመጣ የተላጠ ባሕር ዛፍ ደጃፉ ላይ ተቆልሎ አየሁ፤ አጥሩ መንገደኛ ሥራቸውን እንዳያይ ነው መሰለኝ። የሁለት ሰው ቁመት ያለው የመሠረት ጉድጓድ ውስጥ ግን አንድ ጣውላ፣ አንድ ድጋፍ አልነበረም፤ የወጣው አፈር ሁሉ አፋፉ ላይ ተከምሯል፣ ልጄ ከሥሩ ቆማለች። ፎርማኑን ጠየቅሁት። «እማማ፣ ይሄ አፈር እንደ ድንጋይ ነው፣ አያስቡ» አለና የጉድጓዱን አፋፍ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። መዳፉን አወቅሁት። ሰውየው ከዘራ ትቶ ቢጫ ቆብ አድርጓል እንጂ ያው ነው።

አፋፉ ላይ ቆሜ ልጄን በስሟ እየጠራሁ «ውጪ!» አልኳት፤ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፣ እሷ ግን ወጣች። ሳምንት አኮረፈችኝ። አሁንም በየጠዋቱ ደውዬ «ድጋፍ ገባ ወይ?» እላታለሁ፤ ካልገባ አትወርድም፣ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ያኔ ያየሁትን አላየሁም አልኩ፤ ዛሬ ያየሁትን ጮኼ እናገራለሁ። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው፣ ለጋሽ ግዛው ግን አልደረሰላቸውም።

ግንበኛው ግዛው፣ የመርሐቤቴ ሰው፣ የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር የሌለው፤ በሕይወት ካሉ እሳቸውን፣ ከሌሉም ልጆቻቸውን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ የት እንዳሉ እባካችሁ ንገሩኝ።