ስሙን ያልጠየቅሁት መንገደኛ

ስደተኛ የሚወጣ በጨለማ ነው ይላሉ። እኔ ከባሕር ዳር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከረባት አስሬ፣ ጎርጎራ በምትሄደው መርከብ ነው። በብብቴ የፈረንጅ ስም የተጻፈበት ካርቶን ይዣለሁ። በየደቂቃው ወደ ኋላዬ እገላመጥ ነበር። ምን ልደብቃችሁ፣ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? የኔ እናት ግን ከሞተች ቆይታለች።

ሥራዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው እንግዳ ተቀብሎ በመንግሥት መኪና ሆቴል ማድረስ ነበር። በዚያ ዘመን የሚመጣው ቡልጋሪያ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ሶቪየት ነው፤ ገዳማቱን ሊያይ ወይም ፋብሪካውን ሊያማክር። ስሙን በካርቶን ጽፌ ከፍ አድርጌ እቆማለሁ፣ ያየኛል፣ ሻንጣውን እቀበላለሁ፣ አለቀ።

አንድ ቀን ቡልጋሪያዊ መሐንዲስ ልቀበል ብሄድ፣ ከዚያው አውሮፕላን አንድ አዛውንት መነኩሴ ወረዱ። የሚቀበላቸው የለ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ደግሞ በጣና ላይ ያለችው የደቅ ደሴት መሪጌታ ልጅ ነኝ፤ መነኩሴ አቁሜ ፈረንጅ ብቻ ጭኜ ብሄድ አባቴ ምን ይሉኛል? መስቀላቸውን ተሳልሜ ከፊት ወንበር አስቀመጥኋቸው። ጀልባ መሳፈሪያው ዘንድ ወረዱ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። እናንተዬ፣ በኛ አገር መነኩሴን ይባርኩኝ ይሉታል እንጂ ስምዎ ማን ነው ይሉታል እንዴ?

በሦስተኛው ቀን የደህንነቱ ሰው ቢሮው አስጠራኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የሚጮህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ከመሐንዲሱ ጋር የጫንኸው መነኩሴ አይደለም፤ የምንፈልገው ሰው ነው። አሁን በማን ስም ተደብቆ ነው የሚሄድ?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«በመንግሥት መኪና፣ በመንግሥት ነዳጅ ጭነህ ስሙን አልጠየቅህም?»

«መስቀል ይዘው ነበር፣ ጓድ።»

«የቡልጋሪያውን ስም ጽፈህ ትቆማለህ፣ የአገርህን ሰው ስም አታውቅም! እስከ ሰኞ ስሙን ይዘህልኝ ና። አለዚያ በሱ ቦታ የምጽፈው ያንተን ነው።»

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራ። ስነግራት እያለቀሰች፣ «አንድ ስም ፈጥረህ ስጠው፣ በሞቴ!» አለችኝ። ሞከርሁ። አባ ገብረ ማርያም ብል፣ በሐይቁ ዙሪያ ስንት አባ ገብረ ማርያም አለ! አንዱን ሄደው ያንቁታል። አባ ወልደ ሚካኤል ብልም ያው ነው። የማነሣው ስም ሁሉ ባለቤት አለው። እሷም ገባት። እሑድ ረፋድ ላይ ካርቶኔን አወጣሁና ማንንም የማይጎዳ፣ ከራሴ የፈጠርሁት የጀርመን ስም ጻፍሁበት።

መሳፈሪያው ላይ ጥበቃው አስቆመኝ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የወዳጅ አገር እንግዳ በጎንደር በኩል ጎርጎራ ይመጣሉ፤ ልቀበላቸው ነው።»

ስሙን ሊያነብ ሞከረ፣ ምላሱ ተሳሰረ። «ዶክተር ናቸው?»

«ዶክተር ናቸው።»

«በል ቶሎ እለፍ፣ እንዳይጉላሉ!»

ያልተፈጠረ ሰው እንዳይጉላላ ተጨንቆ እኔን አሳለፈኝ።

መርከቧ ደቅ ላይ ቆመች። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ዳር ላይ ከሰዎች ጋር ይጫወታሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መርከብ ማየት ይወዳሉ። ወርጄ ጉልበታቸውን ብስም፣ ነገ «ልጅዎን አይተዋል?» ሲባሉ አላየሁም ማለት አይችሉም፤ መዋሸት አያውቁበትም። ካርቶኑን ፊቴ ላይ አደረግሁት። ከኋላው ሆኜ አለቀስሁ። ዞር ብለው ወደ መርከቧ ያዩ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

ጎርጎራ ላይ ከቆላ ድባ እህል ነጋዴዎች ጋር ተቀላቀልሁ፣ ከዚያ በእግሬ መተማን አልፌ ሱዳን ገባሁ። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ስንቴ መሬት ላይ ተለጠፍሁ! እሱን የሄደበት ያውቀዋል።

ሰው ሥራ አለ ሲለኝ ፖርት ሱዳን ወረድሁ፣ ቀይ ባሕር ዳር። ውኃው ማለቂያ የለው፣ ግን አይጠጣ! ከጣና በእፍኜ የጠጣሁ ሰው፣ በአህያ ጋሪ የመጣ ውኃ በጀሪካን ስገዛ አፈርሁ። ዓሣችን ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ከኛ ቆሮሶ ግን የት ተገናኝቶ! ነሐሴን ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ አሳለፍሁ፤ ሙቀቱንስ ተዉት።

ቤት ፍለጋ ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁ።

«ሐበሻ ነህ? ትጠጣለህ?» አሉኝ።

«አልጠጣም።»

«ዋሾ አላከራይም።»

«እሺ፣ ትንሽ እጠጣለሁ።»

«ጠጪም አላከራይም።» ልሄድ ስል ጠሩኝ። «ቆይ፣ ከአገርህ ለምን ሸሸህ?»

በስብርባሪ ዐረቢኛዬ «የሰው ስም ስላልጠየቅሁ» አልኋቸው።

ሐጅ ኢድሪስ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እንዲህ ያለ የሞኝ ነገር ሰው ፈጥሮ አያወራም። ግባ።»

ሥራዬም ያው የጥንቱ ሆነ። አንድ የየመን ነጋዴ ፔዦውን ሰጠኝ፤ ፈረንጆችን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ሱዋኪን የምትባል የጥንት የወደብ ከተማ አደርሳለሁ። ቤቶቿ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ አሁን ፈራርሰዋል፤ ፈረንጅ ፍርስራሽ ይወዳል። አሁንስ ሳልጠይቅ የማሳፍር መሰላችሁ? ስም ከነአባት ካልሰማሁ በር አልከፍትም። እነሱ ይስቃሉ፤ እኔ ግን መኪና ከኋላዬ ሲከተል መሪው በላቤ ይርሳል።

አንድ ቀን ከቆላ ድባ የመጣ ስደተኛ ወሬ ይዞልኝ መጣ። በወጣሁ በሳምንቱ አባቴን ከደቅ አምጥተው አስረዋቸዋል። «ልጅዎ ሲመጣ እርስዎ ይወጣሉ» ተብለዋል። የፈሩት ይደርሳል! ፊቴን የሸፈንሁት ለምን ነበር ታዲያ? ልመለስ ቆረጥሁ። ሻንጣዬን አሰርሁ። ግን በሕይወት መኖራቸውን ሳላውቅ እንዴት ልሂድ?

ፖርት ሱዳን ስልክ ቤት ሄጄ ለጥሩወርቅ የስልክ ቀጠሮ አስመዘገብሁ። ባሕር ዳር ለተጠሪው ወረቀት ይላካል፤ ወረቀቱ ላይ ከየት እንደተደወለ እንጂ ማን እንደደወለ አይጻፍም። ጥሩወርቅ በቀጠሮው ቀን ቴሌ ድረስ መሄድ አለባት፣ እዚያ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ አይጠፋም። ሁለት ሳምንት ጠብቄ መስመሩ ተገኘ።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

«እኔ…» ብቻ አልሁ።

ትንፋሿ ይሰማኛል። አወቀችኝ።

«ይስሙኝ፣» አለች። የገዛ ሚስቴ እርስዎ አለችኝ! «ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ ገና እዚያው ናቸው። ስንቅ የማደርሰው እኔ ነኝ።»

«ሰኞ እነሣለሁ። እኔ ስገባ እሳቸው ይውጡ።»

«አይነሡ!» አለችኝ። «ሽማግሌው አስምለውኛል። እኔ ዕድሜ ጠግቤአለሁ፣ እንዳይመጣ በይው ይላሉ። ስንቅ ባደረስሁ ቁጥር ቃላቸው ይኸው ነው።»

«ጥሩዬ…»

ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ተሰማኝ። «ማነው የደወለው? ስሙ ማነው?»

ጥሩወርቅ ረጋ ብላ መለሰች።

«እንጃ፤ ስማቸውን አልጠየቅሁም።»