በመጽሐፍ የሞተችው ልጅ ለቅሶ

አውሮራ ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን ቻርጅ ነርሷ፣ የፈረቃው አለቃ ናንሲ ጓንት አስጠለቀችኝና አንዲት አሮጊት ፊት አቆመችኝ። ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሲኤንኤ የሚሉትን የረዳት ነርስ ፈተና ጎረቤቴ ከድጃ እያስጠናችኝ በቃል አልፌያለሁ፤ ፊደልማ አልቆጠርኩም። እንግሊዝኛዬ የሥራ ብቻ ነበር፦ ዞር በይ፣ አፍሽን ክፈቺ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ።

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» አለችኝ አሮጊቷ።

«ከግሌንዴል» አልኳት፤ እዚያው አጠገብ ያለው ሰፈሬ ነው።

ሳቀች። ዶሪስ ትባላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ሆነች።

ማብላት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀጥ አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ማንኪያውን ሳትሞሉ ትሰጣላችሁ፣ መዋጧን ጉሮሮዋ ላይ ታያላችሁ፣ ከዚያ ሌላ። የከፋው ሰው ግን አይውጥም። ዶሪስም መክሳት ጀመረች። ዶክተሩ ኪሎዋ ከዚህ ከወረደ በሆዷ የምግብ ቱቦ ይገባል አለ።

«ቱቦ ከምታስገቡብኝ ቅበሩኝ» አለችው።

የሚያስከፋት ማን መሰላችሁ? ካረን! ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በፊት በነፃ መጥታ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። ግጥሙ ሁሉ እናት ነው። የእናት እጅ፣ የእናት መሀረብ፣ የእናት ባዶ ወንበር። እዚያው ፊቷ የተቀመጡት እናቶች ዳይፐራቸው ሞልቷል፤ እሷ ስለ መሀረብ ታለቅሳለች።

አንድ ሐሙስ የምሳውን ትሪ ይዤ ስገባ ክፍሉ በሙሉ ይነፋረቃል። ዶሪስ ፊቷን ሸፍናለች።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

«ትንሿ ሮዚ ሞተች» አለችኝ ካረን፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

የዶሪስ የልጅ ልጅ መሰለችኝ። ምግቡ ሳይነካ ተመለሰ። ማታ ለከድጃ ነገርኳት፤ እሷም እዚያው ላውንደሪ ነው የምትሠራው።

«በምን ሞተች?» አለችኝ።

«በሳል ነው አሉ።»

«በሳል? እዚህ አገር?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ኢንሹራንስ ባይኖራት ነዋ።»

በነጋታው ሁለታችንም ኦፍ ነን። ጥቁር ለበስን፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ አጥሚት ሠርቼ በፔርሙዝ ያዝኩና በከድጃ መኪና ሄድን። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ከዶሪስ ክፍል በር ላይ «ወይኔ ሮዚዬ! ወይኔ ልጄ!» ብዬ ደረቴን ስደቃ ከድጃ ዱዓዋን ጀመረች። ናንሲ እየሮጠች ገባች።

«ማን ሞተ?»

«ሮዚ!»

«ሮዚ ስንት ቁጥር ክፍል ውስጥ ናት?»

ዶሪስ አፏን ከፍታ ታየናለች። ቀስ ብላ ጣቷን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋች። መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ጉንጫም ልጅ አበባ አቅፋ ትስቃለች።

«ያቻት ሮዚ» አለች።

«እና የልጅ ልጅሽ አይደለችም?»

«የማንም ልጅ አይደለችም። የተጻፈች ናት።»

«ያ ረቢ!» አለች ከድጃ፣ «ለወረቀት ነው እንዴ ዱዓ ያደረግኩት?»

ዶሪስ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ታሪኩን ነገረችን። እኔ ግን ተናደድኩ። ያን ሁሉ ገጽ ስታስል የኖረች ልጅ! አንድ ሰው ሾርባ አልሠራላትም፣ አንሶላዋን አልቀየረላትም፤ መልአክ በመስኮት መጣና ወሰዳት፣ አለቀ። ጸሐፊው አስለቅሶ ሄደ። ድንኳን የለ፣ ጎረቤት የለ፣ እህል ቅመሱ የሚል የለ። ምን ዓይነት ለቅሶ ነው?

«ሮዚ ኖረችም አልኖረችም፣ አልቅሰሻል» አልኳት። «እኛ አገር ያለቀሰ ሰው ጾሙን አያድርም። ክፈቺ።»

ናንሲ አጥሚቱን በማንኪያ አንስታ ውፍረቱን አየችና «ይሆናታል» አለች።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ዶሪስ አንዴ ከዋጠች በኋላ።

«የሮዚ ተዝካር።»

ጨረሰችው።

በሐሙሱ ካረንን በር ላይ ጠበቅኳት።

«ከምሳ በፊት ልጅ አትግደይብኝ!»

«ልብ የሚነካ ታሪክ እኮ ነው» አለችኝ። «እንባ ያጸዳል።»

«ያጸዳል? ነይ አብረን እናጽዳ» ብዬ ጓንት ዘረጋሁላት። እባብ ያሳየኋት ይመስል ወደኋላ አለች። ማንኪያ ስሰጣት ግን ያዘች። ናንሲ አጠገቧ ቆማ አሳየቻት፤ አበላች። ያን ቀን አላለቀሰችም፤ የዶሪስን ጉሮሮ ስታይ መቼ ጊዜ አግኝታ!

ከዚያ ወዲህ ንባቡ ከምሳ በኋላ ሆነ። ዶሪስን ወንበር ያለው ሚዛን ላይ አስቀምጠን ስንመዝናት ኪሎዋ አልወረደም፤ ዶክተሩም ቱቦውን ተወው። ዶሪስ ቆይታ ሞተች፣ በእርጅና፣ ሆዷ ሳይበሳ። ግጥም የጻፈላት የለም። አጠብኳት፣ ፀጉሯን አበጠርኩላት፣ አዲስ አንሶላ አለበስኳት።

አሁን ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች የምላችሁ ይሄን ነው። መጀመሪያ አብሉ። የሚነበበው ከዚያ በኋላ ይነበባል።